ዳገቱን ሁሉም ይወጣዋል

በዴንቨር አጠገብ በምትገኘው አውሮራ፣ ያገለገሉ መኪናዎች በሚሸጡበት ግቢ ውስጥ አንድ ወጣት ነጭ ፒክአፕ ፊት ቆሞ የሞተሩን ድምፅ ያዳምጣል። ኮፋኖው ተከፍቷል። ሻጩ ነዳጅ በሰጠ ቁጥር ቱርቦው ያፏጫል፤ ወጣቱም ፈገግ ይላል። ከጨረታ መኪና እየገዙ ለሚነግዱ ሰዎች መኪናዎቻቸውን ከግዛት ግዛት የማመላለስ ሥራ ሊጀምር ነው፤ ያጠራቀመውንም ገንዘብ ይዞ መጥቷል። አብረውት ያሉት ሰው በዚሁ ሥራ ጸጉራቸው የሸበተ፣ በሰፈሩ ሁሉም «ጋሼ» የሚላቸው ናቸው። እሳቸው ወደ ሞተሩ አልተጠጉም። የሾፌሩን በር ከፍተው፣ ጎንበስ ብለው፣ በበሩ ምሰሶ ላይ የተለጠፉትን ወረቀቶች ማየት ጀመሩ።

«ና፣ ይቺን አንብባት» አሉት።

«ጋሼ፣ ድምፁን አልሰሙትም?»

«ሰምቼዋለሁ። ደህና ሞተር ነው። አንተ ይቺን አንብባት።»

ቢጫና ነጭ ቀለም ያላት ወረቀት የሰዎቹና የጭነቱ ክብደት በድምሩ ከ2,190 ፓውንድ መብለጥ እንደሌለበት ትናገራለች። ወደ ኪሎ ሲመነዘር አሥር ኩንታል እንኳ አይሞላም። ሻጩ ደግሞ ትንሽ ቀደም ብሎ ይኸው መኪና ከ15,000 ፓውንድ በላይ እንደሚጎትት ነግሮታል። ሁለቱም ቁጥሮች እውነት ናቸው። ብዙ ሰው ለኪሳራ፣ አንዳንዱም ለአደጋ የሚዳረገው ግን የሁለቱን ግንኙነት ሳያጣራ ሲገዛ ነው።

ተሳቢ ሙሉ ክብደቱን በራሱ ጎማዎች ላይ አይሸከምም። ከፊሉን በሚጎትተው መኪና ጀርባ ላይ ያሳርፋል። ከኋላ በሂች ኳስ የሚታሰር ተሳቢ ከጠቅላላ ክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ ያህሉን ፒክአፑ ላይ መጫን አለበት። አንገቱን አጥፎ በፒክአፑ የጭነት ሳጥን መሐል፣ ከኋላ አክሰል በላይ በተተከለ ኳስ ላይ የሚቀመጠው ጉዝኔክ ደግሞ 20 በመቶና ከዚያም በላይ ሊያሳርፍ ይችላል። ይህ ክብደት ከመጎተት ሒሳብ ሳይሆን ከመሸከም ሒሳብ ይቀነሳል።

ጋሼ ስልካቸውን አውጥተው ደመሩለት። ሾፌሩና አንድ ረዳት 360 ፓውንድ፣ የጉዝኔኩ ሂች 180፣ ሰንሰለቱ፣ ማሰሪያ ቀበቶዎቹና የመፍቻ ሳጥኑ 250። ከ2,190 ላይ ሲቀነስ 1,400 ይቀራል። 1,400 የ7,000 ፓውንድ 20 በመቶ ነው። እንግዲህ ያ ከ15,000 በላይ ይጎትታል የተባለው ፒክአፕ፣ ጉዝኔክ ሲታሰርበት ከነጭነቱ 7,000 ፓውንድ ላይ የመሸከም አቅሙን ይጨርሳል። ባዶ የመኪና ማመላለሻ ተሳቢ ብቻውን የዚያን አብዛኛውን ክፍል ይበላዋል።

እዚህ ላይ የናፍጣ ሞተር ራሱ ጥፋት አለበት። በራም ፒክአፖች ላይ የሚገጠመው የከሚንስ 6.7 ሊትር ሞተር ብቻውን ወደ 1,100 ፓውንድ፣ አምስት ኩንታል ገደማ ይመዝናል። የሚፈቀድለት ጠቅላላ ክብደት 10,000 ፓውንድ ሆኖ በተመዘገበ ፒክአፕ ላይ ይህን የሚያህል ብረት ሲጨመር ለጭነት የሚተርፈው ያንሳል። ባለ አራት በር ጋቢና፣ አራቱም ጎማ የሚነዳ ሥርዓት፣ የቆዳ ወንበር፣ የጣሪያ መስኮት፣ ሁሉም ከዚያችው ቁጥር ላይ ይቆርሳሉ። በበሩ ላይ ያለችው ወረቀት ለዚያ መኪና ብቻ የታተመች ስለሆነች ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ተመሳሳይ ፒክአፖች የተለያየ ቁጥር ሊኖራቸው ይችላል። እኔ ገዢ ብሆን ዋጋ ከመጠየቄ በፊት የማያት እሷን ነው።

ለእንዲህ ያለው ሥራ ሰዎች የሚመርጡት ከኋላ አራት፣ በድምሩ ስድስት ጎማ ያለውን፣ በተለምዶ ዱዋሊ የሚባለውን ባለ 3500 ደረጃ ፒክአፕ ነው። ፎርድ ኤፍ 350 ብሎ ይጠራዋል። የሚፈቀድለት ጠቅላላ ክብደት እስከ 14,000 ፓውንድ ይደርሳል፤ እንደ አሠራሩም ከ5,000 ፓውንድ በላይ ሊሸከም ይችላል። ስድስት ጎማ መሆኑ ክብደቱን ከማከፋፈሉ በላይ መኪናው በጎን ነፋስና በተሳቢው ግፊት እንዳይዋልል ይረዳል። አንዱ ጎማ ቢፈነዳም ጎረቤቱ ሾፌሩ ወደ ዳር እስኪወጣ ይይዝለታል።

ቀጥሎ ሕጉ ይመጣል። ለፒክአፑና ለተሳቢው የተፈቀደው ጠቅላላ ክብደት ተደምሮ 26,001 ፓውንድ ከሞላና ተሳቢው ብቻውን ከ10,000 ከበለጠ ሾፌሩ ሲዲኤል፣ ማለትም የንግድ መንጃ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ብዙ ጀማሪ ከዚህ መስመር በታች ለመቆየት 14,000 ከተፈቀደለት ዱዋሊ ጋር 12,000 የተፈቀደለት ተሳቢ ይገዛል፤ ድምሩ ልክ 26,000 ነው። ያ ግን ሲዲኤሉን ብቻ ነው የሚያስቀርለት። ከ10,000 ፓውንድ በላይ በሆነ መኪና ከግዛት ግዛት ለንግድ የሚጭን ሰው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ ቁጥር፣ የጤና ምርመራ ወረቀትና የሥራ ሰዓት ገደብ ይመለከቱታል። በክፍያ የሌላ ሰው ጭነት የሚያጓጉዝ ከሆነ ደግሞ ቢያንስ የ750,000 ዶላር የኃላፊነት ኢንሹራንስ መያዝ አለበት።

ከዚህም የከፋው የጭነቱ ሒሳብ ነው። ሦስት መኪና የሚያቆም የብረት ጉዝኔክ ባዶውን 5,500 ፓውንድ ቢመዝን፣ ከ12,000 ላይ የሚተርፈው 6,500 ነው። ቶዮታ ካምሪ ወደ 3,400 ፓውንድ፣ ኮሮላ ወደ 3,000 ይመዝናሉ። አንድ ካምሪና አንድ ኮሮላ ይገባሉ። ሁለት ካምሪ ግን ያልፋል። ሦስተኛው ቦታ ባዶውን ይሄዳል ማለት ነው። በሦስት መኪና ኪራይ ሒሳብ ብድር ወስዶ ሥራ የጀመረ ሰው፣ በሕግ እየሠራ ገቢው የሁለት፣ አንዳንዴም የአንድ መኪና ይሆንበታል። እዳው ሲያስጨንቀው ሦስተኛዋን ይጭናታል። ብዙ ወገኖቻችን በዚህ ሥራ ስለተሠማሩ ይህን ስሌት ገንዘባቸው ከኪሳቸው ከመውጣቱ በፊት እንዲያውቁት እፈልጋለሁ። ሲዲኤሉን ቀድሞ ማውጣት ብዙ ጊዜ የሚሻለው መንገድ ነው።

ስለ ጉልበት ግን ዛሬ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። ዶጅ ለመጀመሪያ ጊዜ የከሚንስን 5.9 ሊትር ናፍጣ ሞተር በፒክአፑ ላይ ገጥሞ ለ1989 ሞዴል ሲያወጣ 160 የፈረስ ጉልበትና 400 ፓውንድ ፊት የመጠምዘዝ ኃይል ነበረው። በ2019 የዚያ ፒክአፕ ተተኪ የሆነው ራም 1,000 ፓውንድ ፊት ደረሰ። ፎርድ ለ2023 ሞዴል ያወጣው ኃይለኛው የናፍጣ ሞተር 1,200 አለው። ይህ ኃይል በዝቅተኛ የሞተር ዙር ስለሚገኝ ሾፌሩ ሞተሩን ሳያስጮህ ከባድ ነገር ከቆመበት ያንቀሳቅሳል። ቱርቦውም አየሩን አምቆ ስለሚያስገባ ከፍታ ላይ ቱርቦ የሌለውን ሞተር ያህል አይደክምም።

አምራቾች የሚያስተዋውቁት የመጎተት ቁጥርም ዛሬ መለኪያ አለው። ጄ2807 በሚባለው የመኪና መሐንዲሶች ማኅበር መስፈርት፣ መኪናው ከሚፈተንባቸው ነገሮች አንዱ በአሪዞና የሚገኘው የዴቪስ ግድብ ዳገት ነው። 11.4 ማይል ይረዝማል። በ38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት፣ ማቀዝቀዣው እስከ መጨረሻ ተከፍቶ፣ ባለ ነጠላ የኋላ ጎማው ከ40 ማይል፣ ዱዋሊው ከ35 ማይል በሰዓት ሳይወርድ መውጣት አለበት። ዳገቱን ሁሉም ይወጣዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ማዶው ነው።

የከሚንስ ሞተር በስሙ የሚጠራበት ሰው ራሱ ይህን የተማረው በቁልቁለት ነው። ክሌሲ ከሚንስ በ1931 በናፍጣ የሚሠራ የጭነት መኪና ይዞ ከኒው ዮርክ ወደ ሎስ አንጀለስ ሲጓዝ፣ በካሊፎርኒያ ካሆን በሚባለው የተራራ ማለፊያ ሲወርድ ፍሬኑ ከዳው። ከታች የባቡር ሐዲድ መንገዱን ያቋርጣል፤ የዕቃ ባቡርም እያለፈ ነበር። የመጨረሻው ፉርጎ ካለፈ በኋላ ለጥቂት ተረፈ። ከዚያ ቀን በኋላ ሞተሩ ራሱ መኪናውን የሚይዝበትን መንገድ ሲያስብ ኖሮ፣ ሐሳቡ ከዓመታት በኋላ ተሳካለት፤ ጃኮብስ የተባለው ፋብሪካ በ1961 ለገበያ ያወጣው የሞተር ፍሬን የእሱ ፈጠራ ነው።

የቤንዚን ሞተር ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ የአየር መግቢያው ስለሚዘጋ መኪናውን በመጠኑ ይይዘዋል። የናፍጣ ሞተር ግን ኃይሉን የሚቆጣጠረው በሚረጨው ነዳጅ መጠን እንጂ አየሩን በመዝጋት አይደለም። ስለዚህ ቁልቁለት ላይ ለብቻው ሲተዉት ልቅ ነው። የዛሬዎቹ ፒክአፖች ይህን የሚፈቱት በቱርቦው ነው። በከሚንስ 6.7 ላይ ያለው ቱርቦ የጭስ መተላለፊያውን ማጥበብና ማስፋት ይችላል። ሾፌሩ የጭስ ፍሬኑን ቁልፍ ሲጫን መተላለፊያው ይጠብባል፤ ጭሱ መውጫ ሲያጣ ፒስተኖቹን መልሶ ይገፋል፤ ያ ግፊት በካምቢዮው በኩል ወደ ኋላ ጎማዎቹ ይደርሳል። ካምቢዮው ወደ ዝቅተኛ ማርሽ ሲወርድና የሞተሩ ዙር ከፍ ሲል ይበልጥ ይይዛል። በበረዶ ላይ ግን ማጥፋት ያስፈልጋል፤ የኋላ ጎማዎቹን ብቻ ስለሚይዝ መንሸራተት ያመጣል።

ይህ ሁሉ ለምን እንደሚያስፈልግ ለማወቅ ከዴንቨር በአይ 70 አውራ ጎዳና ወደ ምዕራብ መሄድ ይበቃል። የአይዘንሃወር ዋሻ ምዕራባዊ በር 11,158 ጫማ፣ ማለትም 3,400 ሜትር ላይ ነው፤ አዲስ አበባን በ1,000 ሜትር ገደማ ይበልጣታል። ከዚያ በር እስከ ሲልቨርቶርን ከተማ ባለው ስምንት ማይል ገደማ ቁልቁለት መንገዱ ከ600 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ቁልቁለቱም 7 በመቶ ይደርሳል። 26,000 ፓውንድ የሚመዝን ፒክአፕና ተሳቢ ያን ያህል ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 200 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ነፋሱና የጎማው ሰበቃ ከፊሉን ይወስዳሉ። የቀረውን የሚውጠው ሞተሩ ነው፤ ሞተሩ ካልዋጠው የፍሬን ሸራው ይውጠዋል። ሸራው ከመጠን በላይ ሲግል የመያዝ ኃይሉን ያጣል፤ ሾፌሩ ፔዳሉን እስከ ወለል ቢረግጠውም መኪናው ይሄዳል።

ሚያዝያ 2019 በዚሁ አይ 70 ላይ፣ ተራራው አልቆ ከተማው በሚጀምርበት ሌክዉድ፣ እንጨት የጫነ ትልቅ ተሳቢ ፍሬኑ ጠፍቶበት በትራፊክ መጨናነቅ ከቆሙ መኪናዎች ጋር ተጋጨ። አራት ሰዎች ሞቱ። በመንገዱ ላይ ፍሬን ለጠፋበት መኪና የተሠራ ማምለጫ ነበረ፤ አልገባበትም። ሾፌሩ በ2021 መጨረሻ 110 ዓመት ተፈረደበት፤ ብዙ ሰው አቤት ካለ በኋላ የግዛቱ አስተዳዳሪ ወደ 10 ዓመት ዝቅ አደረገለት። ያ መኪና ከፒክአፕ እጅግ የሚበልጥ ነው። የሸራው ሙቀት ግን በሁለቱም ዘንድ አንድ ሕግ ይከተላል።

ጋሼ አገር ቤት ፊያት ኤንትሬ የጭነት መኪና ነድተዋል። ከጎሃ ጽዮን አባይ በረሃ ወርዶ ወደ ደጀን በመውጣት ያደገን ሾፌር ስለ ቁልቁለት ማስተማር አይቻልም ይባላል። እሳቸው ግን እዚህ መጥተው አንድ ነገር ማሻሻል ነበረባቸው። የድሮው ትምህርት «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» የሚል ነበር። የአሜሪካ የሲዲኤል መጽሐፍ ይህ ለቀድሞዎቹ መኪናዎች የሚሠራ መሆኑን ይናገራል፤ የዛሬዎቹ ጉልበታቸው ስለበዛና ነፋስን በቀላሉ ሰንጥቀው ስለሚሄዱ ከወጡበት ማርሽም ዝቅ ብሎ መውረድ ሊያስፈልግ ይችላል። ማርሹም ፍጥነቱም የሚስተካከሉት ቁልቁለቱ ሳይጀምር ነው። ከዚያ በኋላ ፍሬን ያለማቋረጥ አይረገጥም። በ40 ማይል መውረድ የመረጠ ሰው 40 ሲደርስ ጠበቅ አድርጎ ይረግጣል፣ 35 ሲሆን ይለቃል፣ እንደገና 40 እስኪደርስ ይተዋል። በመሐል ሸራው ይተነፍሳል።

ፒክአፑ ብቻውን ግን 12,000 ፓውንድ ተሳቢ አያቆምም። ተሳቢው የራሱ ፍሬን አለው፤ ከሾፌሩ መሪ አጠገብ ባለው መቆጣጠሪያ ይታዘዛል። በየታምቡሩ ውስጥ ያለች ማግኔት ኤሌክትሪክ ሲደርሳት በሚሽከረከረው ብረት ላይ ትለጠፋለች፣ ስትጎተት ዘንጉን ትገፋለች፣ ዘንጉ ሸራውን ወደ ታምቡሩ ይገፋል። ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንደሚሄድ የሚወስነው መቆጣጠሪያው ላይ ያለው ልኬት ነው። ጋሼ ይህን እሑድ ጠዋት ሰፊና ባዶ በሆነ የመኪና ማቆሚያ ያስተምራሉ። ልኬቱን ዝቅ አድርገው በ20 ማይል ፍጥነት ቀጥ ብለው ይነዳሉ፤ የእግር ፍሬን ሳይነኩ የመቆጣጠሪያውን እጀታ በጣታቸው እስከ መጨረሻ ይጨምቃሉ። ተሳቢው ጎተት ካላደረጋቸው ልኬቱን ከፍ አድርገው ይደግሙታል። የተሳቢው ጎማ ተቆልፎ አስፋልቱ ላይ ሲጮኽ፣ ጥቂት መልሰው ዝቅ ያደርጉታል። ልኩ እዚያ ነው። ጭነቱ ሲቀየር ልኬቱም ይቀየራል፤ ለሙሉ ጭነት የተስተካከለ ፍሬን ባዶ ተሳቢን ይቆልፈዋል። ሸራውም እያለቀ ሲሄድ ክፍተቱ ስለሚሰፋ አዲስ ተሳቢ ከመጀመሪያዎቹ 200 ማይሎች በኋላ፣ ከዚያም በየ3,000 ማይሉ ከሥሩ ገብቶ ማጥበቅ ያስፈልጋል፤ በራሱ የሚጠብቅ ካልሆነ በስተቀር።

ያች የመቆጣጠሪያ እጀታ ሌላም ጥቅም አላት። ክብደቱ ወደ ኋላ ያደላ ተሳቢ በፍጥነት ሲሄድ ጅራቱን ወዲያና ወዲህ መጣል ይጀምራል። የሰው ደመ ነፍስ የእግር ፍሬኑን መርገጥ ነው፤ ፒክአፑ ቀድሞ ሲያዘግም ግን ተሳቢው ከኋላ ይገፋዋል። መሪውን ቀጥ አድርጎ ይዞ፣ ነዳጁን ለቆ፣ የተሳቢውን ፍሬን ብቻ በእጅ መያዝ ተሳቢውን ወደ ኋላ ስቦ ያቀናዋል።

በሂቹ ላይ ጠቅላላው ደንብ አጭር ነው፤ ከኳሱ፣ ከኳሱ ማቀፊያ፣ ከሰንሰለቱና ከሂቹ ዝቅተኛ ቁጥር የተጻፈበት የሁሉም ገደብ ነው። ተሳቢው ቢላቀቅ የራሱን ፍሬን የሚያስይዝለት በባትሪ የሚሠራ መሣሪያም ይኖረዋል፤ ሕጉ ፍሬኑ ቢያንስ 15 ደቂቃ ይዞ እንዲቆይ ይጠይቃል። መሣሪያውን ከፒክአፑ ጋር የሚያያይዘውን ገመድ ነቅሎ መፈተን የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ባትሪው መሞቱን የሚያውቀው ፖሊስ ሲፈትሸው ነው።

ወጣቱ በጋራዥ የሰማቸውን ማሻሻያዎች ሁሉ ጠየቀ። ከባሌስትራው ጋር የሚገጠም የአየር ከረጢት የኋላውን ከፍ ያደርጋል፤ መብራቱም ሰማይ እንዳያበራ ይረዳል። በበሩ ላይ ያለውን ቁጥር ግን በአንድ ፓውንድ እንኳ አያሳድገውም፤ አክሰሉ፣ ጎማውና ፍሬኑ ያው ናቸውና። የጭስ ማጣሪያውን አስወጥቶ የሞተሩን ኮምፒውተር ማስቀየርም በአገሪቱ የንጹሕ አየር ሕግ የተከለከለ ነው። ከሚንስ ራሱ በፒክአፕ ሞተሮች ላይ የጭስ ቁጥጥሩን የሚያታልል ነገር ተገኝቶበታል በሚል ክስ 1.675 ቢሊዮን ዶላር ቅጣት ለመክፈል በ2023 መጨረሻ ተስማምቷል። ለእነዚህ ማሻሻያዎች የሚወጣው ገንዘብ ለጥሩ ጎማ፣ ለካምቢዮ ዘይትና ለፍሬን ቢውል ይሻላል።

በመጨረሻ ወጣቱ ያን ነጭ ፒክአፕ ትቶ ዱዋሊ ገዛ። የመጀመሪያ ጭነቱ አንድ ካምሪና አንድ ኮሮላ ነበሩ። ጋሼ መንገድ ከመጀመሩ በፊት በአንድ የነዳጅ ማደያ ያለ ሚዛን ላይ አስወጡት። ካት በሚባሉት በእነዚህ ሚዛኖች ላይ የፒክአፑ የፊት አክሰል፣ የኋላው አክሰልና የተሳቢው አክሰሎች ለየብቻ ይመዘናሉ። ወረቀቱ ሲወጣ ጠቅላላ ክብደቱ ከገደቡ በታች ነበር። የፒክአፑ የኋላ አክሰል ግን ከባዶው በ1,500 ፓውንድ ብቻ ነው የጨመረው፤ 12,000 ለሚጠጋ ጉዝኔክ ይህ ትንሽ ነው። ካምሪዋ ከኋላ ነበረች። ከሚዛኑ ወርደው ማሰሪያዎቹን ፈቱ፣ መኪናዎቹን አቀያየሩ፣ ካምሪዋን ወደ ፊት አስጠጓት፣ በስምንት ቀበቶ እንደገና አሰሩ፤ ከዚያ ተመልሰው መዘኑ። በ24 ሰዓት ውስጥ ለሚደገም ሚዛን የሚከፈለው ጥቂት ነው። አሁን ጭማሪው 2,300 ሆነ።

ጋሼ ወረቀቱን አጥፈው ሰጡትና የተሳቢውን የጎማ ብሎኖች በ10፣ በ25 እና በ50 ማይል ላይ ቆሞ በቶርክ መፍቻ እንዲያጠብቅ ነገሩት።